በቤት ጣራና በፔርጎላ መካከል ስለሚወርደው የዝናብ ውሃ

ስለ ቤት አሠራር የሚጻፈው ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ የሚያተኩረው በመሠረት፣ በግድግዳና በጣራ ላይ ነው። እኛ ግን በዚህ ገጽ የምንመለከተው ከሦስቱም ያልሆነ አንድ ስፍራ ነው፤ ይኸውም በቤቱ ጣራ ጫፍና ከቤቱ ፊት በሚሠራው ጥላ መካከል የሚቀረው ክፍተት ነው። ስፋቱ ስንዝር አይሞላም፤ በፕላን ላይ ቢነሣ ከአንድ የእርሳስ መሥመር አይበልጥም። ዳሩ ግን ክረምት በገባ ቁጥር ምርጊት የሚያረግፈው፣ የጭቃ ግድግዳን ከእግሩ የሚበላው፣ አንዳንድ ጊዜም ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያነካካው ውሃ በዚሁ መሥመር ሲወርድ አይተናል። ስለዚህ ነገሩ ትንሽ ነው ተብሎ እንዳይታለፍ በማሰብ አንድ ቤት እንደ ምሳሌ ወስደን፣ በዚህ ክፍተት ላይ የሚሠራውን ስሕተት ለመተቸት ተነሥተናል።

ፔርጎላ የሚለው ቃል ጣልያንኛ ነው፤ ሥሩም ፔርጉላ የሚለው የላቲን ቃል ሲሆን ከቤት ወደ ፊት ወጣ ብሎ የተሠራ ነገር ማለት ነው። በአማርኛ የተለየ ስም ገና አልወጣለትም። ዳስ እንዳንለው፣ ዳስ ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ተተክሎ የሚነቀል ነው፤ በረንዳ እንዳንለው፣ በረንዳን የሚያለብሰው የቤቱ ጣራ ራሱ ነው፤ ዛኒጋባ ብንለው ደግሞ ከቤት ተለይቶ ለብቻው የሚቆመውን መጠለያ ያስታውሰናል። ስለዚህ አናጢዎቹ እንደሚሉት ፔርጎላ እያልን እንቀጥላለን። ፔርጎላ በትውልዱ ክዳን የለውም። በቋሚዎች ላይ አግዳሚ እንጨቶች ይጋደሙበታል፤ በእንጨቶቹም ላይ ወይን ወይም ሌላ ሐረግ ይሳብበታል። ዝናብ ሲመጣ በመካከሉ ያልፋል። ፀሐይን እከለክላለሁ እንጂ ዝናብን አልከለክልም ብሎ የተነሣ ሥራ ነው። በቆርቆሮ ወይም በፕላስቲክ የከደንነው ቀን ግን ሁለተኛ ጣራ ሆኗል፤ እኛም ስሙን ሳንለውጥ ሥራውን ለወጥንበት። የክርክራችን መነሻ ይህ ነው።

ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነን ከመካከላችን አንዱ የተከራየበት ቤት ነው። ቤቱ የሚገኘው በጉለሌ በኩል ሲሆን ግድግዳው በጭቃ የተመረገ፣ በኖራ የተለሰነ፣ ክዳኑም ቆርቆሮ ነው። የቤቱ ባለቤት፣ እኛ እማማ የምንላቸው አሮጊት፣ በ2016 ዓ.ም. በግንቦት ወር ዕቁብ ሲደርሳቸው ከቤቱ ፊት ፔርጎላ አሠሩ። ሐሳባቸው ለሰፈሩ ተማሪዎች ምሳና ቡና እየሸጡ መተዳደር ነበር፤ የልጃቸው ደመወዝ እየራቀ የኪራዩም ገንዘብ አልበቃ እያለ ሄዶ ነበርና። አራት ጠረጴዛዎችና አግዳሚ ወንበሮች ተገዙ። ወለሉም እስከ በሩ ደፍ ድረስ በስሚንቶ ተለሰነ።

ሥራውን ስንተች ሠሪውን ማዋረዳችን እንዳልሆነ አስቀድመን መናገር ይገባናል። አናጢው ጥሩ እጅ አለው። ቋሚዎቹ በቱንቢ የተተከሉ ናቸው፤ መጋጠሚያዎቹ በሚስማር ብቻ ተደግፈው ያልቀሩ፣ በመሮ ተቦርቡረው የገቡ ናቸው፤ የሞራሌዎቹም አደራደር ለዓይን ደስ ይላል። ለክዳኑ ቆርቆሮ ሳይሆን ብርሃን የሚያሳልፍ ፖሊካርቦኔት መመረጡም በምክንያት ነው፤ የፊት ክፍሉ ያለው አንድ መስኮት ብቻ ነውና በቆርቆሮ ቢጋረድ ቀን በቀን መብራት ማብራት ግድ ይሆን ነበር። ይህን ሁሉ ካመሰገንን በኋላ ነው እንግዲህ ወደ ክፍተቱ የምንመጣው።

በሰኔ ማብቂያ የመጀመሪያው ዶፍ ወረደ። ውሃው ከቤቱ ቆርቆሮ እየዘለለ ግማሹ በፔርጎላው ክዳን ላይ፣ ግማሹ በክፍተቱ ውስጥ ወደቀ። ፔርጎላው ላይ የወደቀውም ወደ ግቢው ከመሄድ ይልቅ ወደ ቤቱ ተመለሰና በዚያው ክፍተት ወረደ። አዲሱ ስሚንቶ ሲቀበለው እየረጨ የግድግዳውን እግር እስከ ክንድ ድረስ አራሰው፤ ከደፉም አልፎ ወደ ክፍሉ ገባ። ከስሚንቶው በፊት በዚያ ስፍራ ጠጠር የተነሰነሰበት አንድ የጠፈጠፍ ቦይ እንደነበረ እማማ ነገሩን። የጣራው ውሃ ለብዙ ዓመታት በዚያ ላይ እየወደቀ ድምፁ ሳይሰማ ወደ ጎን ይፈስስ ነበር። ቦዩን የደፈነው ሰው ምን እንደ ደፈነ አላወቀም።

እማማ አናጢውን አስጠሩት። «ምነው ልጄ፣ ቤቴን ወንዝ አደረግህብኝ?» አሉት። አናጢውም፣ «እናቴ፣ የኔ ሥራ እኮ አያፈስም፤ ይዩት፣ ከፕላስቲኩ አንዲት ጠብታ አትወርድም። የሚያፈሰው ክፍተቱ ነው፤ እሱ የአሸንዳ ሠሪ ሥራ ነው» ሲል መለሰ። አሸንዳ ሠሪው ተጠርቶ መጣና ቀና ብሎ አይቶ፣ «እማማ፣ አሸንዳ የሚሰቀለው በጣራ ጫፍ ላይ ነው፤ የጣራዎን ጫፍ ፔርጎላው ተጠግቶታል፤ እጄን በየት አግብቼ ልስቀለው?» አለ። እኛ በዚያ ቆመን ስንሰማ ሁለቱም እውነት መናገራቸው ነው ያስደነቀን። አናጢው የተዋዋለው ፔርጎላ ሊሠራ ነው፤ ሠርቷል። አሸንዳ ሠሪው የሚሠራው ቦታ ሲገኝ ነው፤ አላገኘም። የ12 ሳንቲ ሜትሩ ክፍተት ግን በማንም ውል ውስጥ አልተጻፈም። ባለቤት የሌለው ሥራ ደግሞ የሚደርሰው ለእማማ መጥረጊያ ነው።

በመጨረሻም የተገኘው መድኃኒት የታወቀው መድኃኒት ሆነ። በክፍተቱ ላይ ቀጭን ላሜራ ተደረገ፤ ዳር ዳሩም በሲሊኮን ተለጠፈ። ሦስት ሳምንት ያህል ያዘ። ከዚያ በኋላ የፈሰሰው ከቀድሞው የባሰ ነበር፤ ምክንያቱም ውሃው መውረጃውን ቢያጣ በላሜራው ላይ እየተጠራቀመ ወደ ኋላ፣ በቆርቆሮው ሥር አድርጎ ወደ ወራጆቹ ጫፍ ገባ።

ሲሊኮኑ ለምን እንደ ተላቀቀ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ፖሊካርቦኔት በሙቀት የሚለጠጠው ከብረት አምስት እጥፍ ያህል ነው። በአዲስ አበባ ክረምት እንኳ ከዶፍ በፊት የሚያቃጥል ፀሐይ ይወጣል፤ ከዶፍ በኋላ ይቀዘቅዛል። አንዱ ሲዘረጋ ሌላው ባለበት ይቆማል፤ በመካከላቸው የተለጠፈውም ነገር በየቀኑ ይጎተታል። ሲሊኮን ሁለት የማይንቀሳቀሱ ነገሮችን ሊያጣብቅ ይችላል፤ ሁለት በየፊናቸው የሚኖሩ ጣራዎችን አያስታርቅም።

ከዚህ የሚበልጠው ስሕተት ግን የሐሳብ ስሕተት ነው። እዚህ ላይ አንባቢው ጥቂት ቁጥር እንዲታገሠን እንለምናለን። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። በአዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፤ አብዛኛውም የሚወርደው በክረምት ሲሆን በሐምሌና በነሐሴ የየወሩ ዝናብ ከ200 ሚሊ ሜትር ያልፋል። ለክፍተታችን ግን የሚያስፈልገን የወሩ ድምር ሳይሆን የዶፉ ኀይል ነው። ዶፉ በየደቂቃው 1 ሚሊ ሜትር ያወርዳል ብለን እናስብ። የእማማ ቤት የፊት ክንፍ 9 ሜትር ርዝመትና በመሬት ሲለካ 4 ሜትር ስፋት አለው፤ 36 ካሬ ሜትር መሆኑ ነው። ስለዚህ በየደቂቃው 36 ሊትር ወደ ጫፉ ያንሸራትታል። ፔርጎላው ከ9 ሜትሩ 6ቱን ስለሚይዝ ወደ እርሱ የሚመጣው 24 ሊትር ነው። ክፍተቱ ራሱስ? 6 ሜትር በ12 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከሰማይ በቀጥታ የሚቀበለው 1 ሊትር እንኳ አይሞላም።

እንግዲህ 24 ሊትር ከጣራው፣ ከ1 ሊትር ያነሰ ከሰማይ ማለት ነው። ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ክፍተቱን ሲያይ ሰማይ ይታየዋል፤ ሰማይ ስለታየውም ዝናቡ በዚያ የሚገባ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ሊደፍነው ይነሣል። ሒሳቡ የሚለው ግን ሌላ ነው። ክፍተቱ ክፉ ነገር አልሠራም፤ ውሃ ያመጣው ያልተያዘው የጣራ ጫፍ ነው። አሸንዳ የሚያስፈልገው ስፍራ ላይ ክዳን ጨመርን። ፔርጎላው ደግሞ 6 ሜትር በ3 ሜትር ሆኖ 18 ካሬ ሜትር ስላለውና ተዳፋቱ ወደ ቤቱ ስለ ሆነ የራሱን 18 ሊትር ጨመረበት። በድምሩ በየደቂቃው ከ42 ሊትር በላይ፣ ሁለት ጀሪካን ሙሉ ውሃ፣ ከበሩ ደፍ አጠገብ ይወርዳል ማለት ነው።

ዶፉን ብቻ አይተን ካፊያውን እንዳንረሳ ያስተማረን የእማማ ጀበና ነው። ቡና ሲቀዱ ጀበናውን ደፈር አድርገው ያዘነበሉት እንደ ሆነ ቡናው ከአፉ ርቆ ሲኒው ውስጥ ይገባል፤ ፈራ ተባ እያሉ ያዘነበሉት እንደ ሆነ ግን በአንገቱ ተመልሶ በሆዱ ላይ ይወርዳል። የቆርቆሮ ጫፍም እንዲሁ ነው። በዶፍ ጊዜ ውሃው ከጫፉ ተወርውሮ ክፍተቱን ይዘላል፤ በካፊያ ጊዜ ደግሞ ጫፉን ዞሮ በቆርቆሮው ሆድ ተጣብቆ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ የወራጆቹን ጫፍ ያበሰብሳል። ስለዚህ አንድ ክፍተት ሁለት ተቃራኒ በሽታዎች አሉት። ለዶፉ ብቻ የተሠራ መድኃኒት ለካፊያው አይሆንም። ጫፉን ጥቂት ወደ ታች ማጠፍ፣ ከሥሩም አሸንዳውን ወደ ውስጥ ገፋ አድርጎ መስቀል ሁለቱንም ይይዛል። ይህን የቆርቆሮ ሠራተኛ ሁሉ ያውቀዋል፤ ቦታ ከተተወለት።

ቦታው ለምን አልተተወለትም? ፔርጎላውስ ለምን ወደ ቤቱ አዘነበለ? አናጢውን ስንጠይቀው መልሱን በሜትር ነው የሰጠን፤ እኛም ለክተን ትክክል ሆኖ አገኘነው። የቤቱ ጣራ ጫፍ ከወለሉ በ2.45 ሜትር ላይ ነው። ፔርጎላው ከዚያ ዝቅ ብሎ በ2.35 ሜትር ይጀምራል። በ1 ሜትር 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ግቢው ቢያዘነብል፣ ከ3 ሜትር በኋላ ጫፉ 2.05 ሜትር ላይ ይሆናል፤ ከሥሩ ያለው አግዳሚ 15 ሳንቲ ሜትር ሲቀነስበት 1.90 ይቀራል። ረጅም እንግዳ በገባ ቁጥር ግንባሩን ሊመታ ነው። አናጢው ይህን ፈርቶ ፊቱን 2.55 አደረገው፤ እንግዳው ዳነ፣ ውሃው ግን ወደ ኋላ ተመለሰ። ስሕተቱ እንግዲህ የተወለደው ከስንፍና ሳይሆን ለእንግዳ ከማሰብ ነው። እኛ የምንነቅፈው ግንባርንና ግድግዳን ማወዳደር ግድ እንደ ሆነ አድርጎ መቀበሉን ነው። ሦስተኛ መንገድ ነበረ፤ ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

ጉዳዩ የዛሬ አለመሆኑን ለማሳየት ጥቂት ወደ ጥንቱ እንመለስ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው መቶ ዓመት የነበረው የሮማው የሕንፃ ሊቅ ቪትሩቪየስ፣ በስድስተኛው መጽሐፉ ውስጥ የቤቶችን የውስጥ ግቢ አሠራር በአምስት ይከፍላል። ከአምስቱ አንዱ፣ ጣራው ከግቢው ወደ ውጭ የሚያዘነብለው፣ ለክፍሎቹ ብርሃን በመስጠቱ ያመሰግነዋል፤ ወዲያው ግን እድሳት የሚያበዛ መሆኑን ይናገራል። ምክንያቱም ውሃውን የሚያወርዱት ቱቦዎች በፍጥነት ስለማይቀበሉት ሞልቶ ይመለስና የእንጨቱን ሥራና ግድግዳውን ያበላሻል ይላል። እማማ ፖሊካርቦኔቱን የመረጡት ለብርሃን ሲሆን ያገኙት ግን የራሰ ግድግዳ መሆኑን ስናስብ፣ ሊቁ ጉለሌን ያየ መሰለን።

ሮማውያን በሕጋቸውም ቢሆን ነገሩን በቀላሉ አላለፉትም። በ533 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በንጉሠ ነገሥት ዮስጢኒያኖስ የወጣው የሕግ መማሪያ መጽሐፍ፣ አንድ ሰው የጎረቤቱን የጣራ ውሃ የመቀበል ግዴታ ሊኖርበት እንደሚችል ሲያወሳ ሁለት ስሞችን ይለያል። አንዱ ስቲሊኪዲየም ነው፤ እኛ ጠፈጠፍ የምንለው፣ ከጣራው ዳር እየተንጠባጠበ የሚወርደው ነው። ሁለተኛው ፍሉሜን ነው፤ በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ የሚፈስሰው ነው። ልዩነቱ የቃል ብቻ አይደለም። ጠፈጠፍ በዘጠኝ ሜትር ላይ ተበትኖ ይወድቃል፤ አሸንዳ የሰቀልንበት ቀን ግን ያው ውሃ በአንድ ቱቦ አፍ ይወጣል። አሸንዳ ውሃን አያጠፋም፤ ጅረት አድርጎ ያቀርበዋል እንጂ። ስለዚህ አሸንዳ ይሰቀል የሚል ሁሉ የቱቦው አፍ የት እንደሚያርፍ አብሮ መናገር አለበት።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ የሣር ክዳን ያለው ክብ ጎጆ ይህን ጥያቄ አያውቀውም ነበር ለማለት ይቻላል። ጣራው ከጉልላቱ ጀምሮ በዙሪያው እኩል ያፈስሳል፤ ማድ ቤቱም ለብቻው ይቆማል፤ ጣራ ከጣራ አይነካካም። በዙሪያው የተቆፈረው ቦይ ጠፈጠፉን ይቀበላል፤ ነገሩ በዚያ ያበቃል። ጣራዎች ጎን ለጎን መቆም ሲጀምሩ ግን ሸለቆ ይፈጠራል። በዳግማዊ ምኒልክ ግቢ ያለው የግብር አዳራሽ ሦስት ሹል ጣራዎች ጎን ለጎን የተደረደሩበት ነው፤ በመካከላቸው ሁለት ሸለቆዎች መኖራቸው ግድ ነው፤ እነዚያን ሸለቆዎች ያሰበ ሰው ነበረ ማለት ነው። በተራ ቤቶቻችን ግን ቆርቆሮው ሲመጣ አሳቢው አብሮ አልመጣም። ድንኳን ባልበቃበት ለቅሶ ቤት ከጣራው ጫፍ ጋር የተወጠረውን ሸራ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ሸራው ውሃ ቋጥሮ ሆዱ ይነፋል፤ አንድ ጎረምሳ በመጥረጊያ እንጨት ከሥር ይገፋዋል፤ ውሃውም ጥግ ይዘው በተቀመጡት ሽማግሌ ላይ ይወርዳል። ፔርጎላችን የዚያ ሸራ ልጅ ነው፤ ልዩነቱ ሸራው በሦስተኛው ቀን መነሣቱ ነው።

ነቀፋውን በአናጢዎች ላይ ብቻ ጥለን ብናልፍ ግን ፍርደ ገምድል እንሆናለን። እኛ ራሳችን በሥዕል ክፍል ውስጥ የቤት ቁራጭ ስንስል ጣራውን ከነወራጁ፣ ከነማገሩ እናወጣለን፤ ከቤቱ ፊት ያለውን ጥላ ግን በነጠብጣብ መሥመር አመልክተን እናልፈዋለን። ነጠብጣብ መሥመር ማለት «ይህ የኛ አይደለም» ማለት ነው። አናጢው «የአሸንዳ ሠሪ ነው» ያለውን እኛ በእርሳስ ብለነዋል። አንድ ቁራጭ ሥዕል ላይ ሁለቱን ጣራዎች አንድ ላይ አስቀምጦ፣ የአንዲትን ጠብታ መንገድ ከጉልላቱ እስከ መንገዱ ቦይ ድረስ በጣት መከተል የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

የዚህን ጽሑፍ ረቂቅ ያነበቡ አንድ መምህራችን «የቤቱን ጣራ ራሱን ለምን አታስረዝሙትም? ክፍተት ከሌለ ጠብ የለም» ሲሉ ጠየቁን። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን የዚህ ቤት ጣራ በ1 ሜትር 36 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል። በዚያው ተዳፋት 3 ሜትር ብናስረዝመው ጫፉ ከወለሉ በ1.37 ሜትር ላይ ይደርሳል፤ ተጎንብሶ እንኳ የማይገባበት ነው። ተዳፋቱን እናስብረው ብንል ደግሞ ስብራቱ ላይ አዲሱ ክዳን በአሮጌው ቆርቆሮ ሥር ጠልቆ መግባት አለበት፤ አሮጌው ቆርቆሮ መነቀል አለበት፤ የመስኮቱም ብርሃን ይጠፋል። ቁመቱ ለሚበቃና ጣራው አዲስ ለሆነ ቤት የመምህራችን ሐሳብ ከሁሉ የተሻለ ነው። ለእማማ ቤት ግን አልሆነም።

እንደ እኛ አስተያየት ያለው ምርጫ ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ ሁለቱን ጣራዎች ፈጽሞ አንድ ማድረግ፣ ወይ ፈጽሞ መለየት። የሚጎዳው መካከለኛው ነው። መለየት ማለት ደግሞ ማራራቅ ብቻ አይደለም፤ ከፍ ማድረግም ነው። ያ ሦስተኛው መንገድ ይህ ነበር። ፔርጎላው በራሱ ቋሚዎች ላይ ይቁም፤ ቤቱን አይደገፍ። ወደ ቤቱ ያለው ጫፉ ከቤቱ ጣራ በላይ ይውጣ፤ በእማማ ቤት 2.70 ሜትር ላይ ሆኖ የቆርቆሮውን ጫፍ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይደርብ። ከዚያ ወደ ግቢው በ1 ሜትር 10 ሳንቲ ሜትር ሲያዘነብል ፊቱ 2.37 ላይ ይመጣል፤ አግዳሚው ተቀንሶም የማንም ግንባር አይነካም። የራሱን 18 ሊትር ወደ ፊት ይጥላል። የቤቱ ቆርቆሮ ደግሞ ከሥሩ ነጻ ሆኖ በራሱ አሸንዳ ላይ ያፈስሳል። በሁለቱ መካከል፣ በጣራው ጫፍ ላይ፣ ስንዝር የሚያህል የቁመት ክፍተት ይቀራል፤ በዚያ የቡናው ጢስ ይወጣል፣ የአሸንዳ ጠራጊም እጅ ይገባል። እጅ የማይገባበት አሸንዳ በባሕር ዛፍ ቅጠልና በበረዶ መደፈኑ የጊዜ ጉዳይ ነው። ስለዚህም የአሸንዳው የውጭ ከንፈር ከውስጠኛው ዝቅ እንዲል ይሁን፤ ቢደፈን እንኳ ወደ ግቢ ይፍሰስ እንጂ ወደ ግድግዳው አይመለስ።

ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ በዚያ ክፍተት ጥቂት እንደሚያርከፈክፍ አንክድም። ከ42 ሊትር ጋር ሲወዳደር ግን ጠረጴዛ በጨርቅ የሚጠረግበት ያህል ነው።

በ2017 ዓ.ም. በጥር ወር ያው አናጢ ተመልሶ ሥራውን በዚህ መንገድ አሻሻለው። ቋሚዎቹን ከጣራው ጫፍ ወደ ውጭ አወጣቸው፤ ወራጆቹ ግን ወደ ቤቱ እንዲሻገሩ አደረገ። ሥዕሉን ያየው አንድ ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ እርሱ ነው እኛን ያስተማረን። አሸንዳ ሠሪውም ቦታ አገኘ፤ በ1 ሜትር 5 ሚሊ ሜትር ያህል እያዘነበለ ዘጠኙን ሜትር ሰቀለው። ከቱቦው ሥር ባለ200 ሊትር በርሜል ተቀመጠ፤ በሰፈሩ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነውና እማማ ለዕቃ ማጠቢያ ፈልገውታል። በ200 ሚሊ ሜትር ወር ይህ አንድ ክንፍ ብቻ 7,200 ሊትር፣ ማለትም 36 በርሜል ይሰጣል።

የክረምቱ የመጀመሪያ ዶፍ በወረደ ጊዜ በርሜሉ ስድስት ደቂቃ ሳይሞላ ሞልቶ ፈሰሰ። ግድግዳው ደረቅ ነበር። የተረፈው ውሃ ግን የጠጠሩ ቦይ ስለሌለ በስሚንቶው ላይ እየተንሸራተተ ወደ ጎረቤት አጥር ሄደ። ጎረቤትየው በነጋታው መጡ፤ በትሕትና ነው የተናገሩት፣ «እማማ፣ የእርስዎ ጣራ ወደ እኔ ጓዳ መጣ» አሉ። ከዚያ ወዲህ የስሚንቶው ዳር ግማሽ ሜትር ያህል ተሰብሮ የቀድሞው ቦይ በጠጠር ተመልሷል፤ እስከ አጥሩ በር ድረስም ተቆፍሯል። ከአጥሩ በር እስከ መንገዱ ቦይ የቀሩት አራት ሜትሮች ግን የማን እንደ ሆኑ ከጎረቤቶቹ ጋር ገና በንግግር ላይ ነው።